ቤት ምን ቀረ?

የጋሽ ደምሴን ሞት የነገረኝ ሰው ለመርዶ አልነበረም የመጣው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለችው ቤቴ ደጃፍ ላይ አንድ አቧራ የጠጣ ሰው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆሟል። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ይሆናል። ከንፈሩ በጉዞ ተሰነጣጥቋል።

«አስቴር የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«አየለ እባላለሁ። የደምሴ የእህት ልጅ ነኝ። አጎቴ በጥር ዐርፈዋል።» እጄን ወደ አፌ እስካደርስ እንኳ አልጠበቀኝም። «አደራው አለ?»

«አለ!» አልኩት። ያቺን «አለ» ምን ያህል በኩራት እንዳልኳት ዛሬ ሳስታውሳት ፊቴ ይቃጠላል። ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ ውሃ ሰጠሁት፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ግን ከእንባዬ ይልቅ ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

ጋሽ ደምሴን ያወቅኋቸው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ሲወረድ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ታይፒስት ነበርኩ፤ እሳቸው የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበሩ። ከይፋት ቆላ በወጣትነታቸው ወጥተው አዲስ አበባ የቀሩ፣ ያላገቡ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት የሚለብሱ ቀጭን ሰው ናቸው። የካፖርቱ ኪሶች ሁልጊዜ እንዳበጡ ነው። አንዱ ኪስ ውስጥ ጣት የምታህል ቢላዋ አለች፤ ሌላው ውስጥ የዚያን ዕለት የቀመሱት ነገር ፍሬ ወይም ልጣጭ አይጠፋም።

ፋይል ሲያስሩ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ገመዱን ቋጥረው ቋጥረው፣ ለመፍታት ጥርስ የሚያስፈልገው ነገር ያደርጉታል። እሳቸው አይቋጥሩም። ሦስት ጊዜ ይጠመጥሙና ጫፉን ወደ ውስጥ መልሰው ያስገቡታል፣ አለቀ። አይፈታም፣ ሲፈልጉት ደግሞ በአንድ ጣት ይለቃል። ዲሬክተሩ እንኳ ፋይሉን ሳይከፍቱ «ይሄ የደምሴ እጅ ነው» ይሉ ነበር።

«ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እናቴ ናት። እሷ ግን ወረቀት ማሰር አይደለም ያስተማረችኝ።»

ታዲያ ምን ነበር የሚያስሩት ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እኔ የምጠይቅ ሰው አልነበርኩም፤ የምበላ ሰው ነበርኩ።

ይሄን መደበቅ አያስፈልግም፤ ሆዳም ነኝ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይሄን የማያውቅ አልነበረም። ጓደኞቼ በምሳ ሰዓት ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒ ተደግፈው ማኪያቶ ሲጠጡ፣ እኔ ሳህኔን ከፍቼ አጎነብሳለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው ሳህኑን አዩት።

«ይሄን ነው ምሳ የምትዪው?»

«ምን አለው?»

«ትናንትም ይሄው ነበር። ከትናንት ወዲያም። ተነሺ፣ ነጠላሽን ያዢና ተከተዪኝ።»

አትክልት ተራ ወሰዱኝ። አትክልት ተራ ለኔ አዲስ አይደለም፤ ጎመንና ቲማቲም የምገዛው እዚያ ነው። እሳቸው ግን የቲማቲሙን ሣጥን፣ የጎመኑን ክምር፣ «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ የሚሮጡትን ኩሊዎች ሁሉ አልፈው፣ ከግንቡ ሥር አንዳንድ ነጠላ አንጥፈው ወደተቀመጡት ሰዎች ሄዱ። እቃቸው ከአንድ ነጠላ አያልፍም። «ከዚህ ካለፈ ነጋዴ ነው፤ እኔ ነጋዴ ጋ ጉዳይ የለኝም» ይሉ ነበር።

በዚያ ግንብ ሥር ያልቀመስኩት ምን አለ! እማማ ከድጃ የሚባሉ የጉራጌ ሴት የእንሰት ሥር ቀቅለው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ያመጣሉ፤ አሚቾ ይሉታል። ትኩሱን በሚጥሚጣ ስበላው እንዲህ ያለ ነገር ከአፍንጫዬ ሥር እያለ ስንት ዓመት በሽሮ መኖሬ አናደደኝ። ከወለጋ የመጣ ሰው አንጮቴ የሚባለውን የነሱን ሥር ይሸጣል። አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ በትንሽ ቅል የጣዝማ ማር ይዘው ይመጣሉ፤ መሬት ውስጥ የሚኖር፣ የማይናደፍ ንብ የሚሠራው ነው፤ ቀጭንና ጎምዘዝ ያለ፣ ከምላስ ቶሎ የማይለቅ። ከቆላ የሚመጡት ደግሞ የዱር ፍሬውን፣ ሮቃውን፣ እንኮዩን፣ ኩርኩራውን ይዘረግፉታል።

ጋሽ ደምሴ ሥርዓት ነበራቸው። መጀመሪያ ሻጩ ራሱ ይቀምስላቸዋል፤ «ቅመሽልኝ» ይላሉ፣ ሴትዮዋ ስትቀምስ ፊቷን ያያሉ። ቀጥሎ እሳቸው በዚያች ቢላዋ ጥፍር የምታህል ቆርጠው፣ ጥርስ በቀረላቸው በግራው በኩል፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ። ከዚያ ይጠይቃሉ።

«ከየት መጣ? ማን ነቀለው? ቤት ምን ቀረ?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳይመለስላቸው አይገዙም። የአራዳ ሰው መቼም ስም ለማውጣት አይሰንፍም፤ ከሩቅ ሲያያቸው ኩሊው ሁሉ «አቶ ቤት-ምን-ቀረ መጡ!» ይል ነበር። እሳቸው ቆባቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ እንጂ ቅር አይላቸውም።

እማማ ከድጃ መልሱን ያውቁበታል። «ቤት የቆመ አለ ጋሼ። አባቴ የተከለው አለ፣ ልጄ የምትነቅለው አለ። ብላ አሁን» ይሏቸዋል። የጣዝማው ሽማግሌ «ለንቦቹ ትቼላቸዋለሁ» ይላሉ፣ ሌላ ቃል አይጨምሩም። ጋሽ ደምሴ ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል፤ ያኔ ነው በደንብ የሚበሉት።

«ለምንድን ነው እንደ ዳኛ የሚመረምሯቸው?» ብዬ ሳቅሁባቸው።

«ገበያ የመጣው ትርፉ ከሆነ ምግብ ነው የምትበዪው። ትርፉ ካልሆነ የሰውየውን ቤት ነው የምትበዪው። አንቺ ደግሞ ስትበዪ አያለሁ፤ ቀስ አትዪም።»

እንደ ቀልድ ወሰድኩት። ቀልድም ነበር፣ ግማሹ።

አንድ ነገር ብቻ ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። አገራቸው ላይ የሚበቅል አንድ የማሽላ ዓይነት አለ፤ ወተት በጉንጬ ይሉታል። እሸቱ ሲጠበስ ወተት ይመስላል፣ ሲደርቅ ደግሞ ቆሎው ይጣፍጣል። ከአገር ከወጡ ጀምሮ ቀምሰውት አያውቁም። «ይሄ ሁሉ ሰው ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ሲመጣ፣ እሱን የሚያመጣ አንድ ሰው ይጥፋ? ካገኘሽ አስቱ፣ አንድ እፍኝ፤ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም» ይሉኝ ነበር። እኔም አንድ ቀን አግኝቼ አስደንቃቸዋለሁ እያልኩ አስብ ነበር። እኚህ ሰው ምሳዬን አድሰውልኛል፤ ውለታቸውን የምመልስበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

የመጨረሻው ዓመት ከመስከረም በኋላ ግንቡ ሥር ያለው ሰው በዛ። ከዚያ በፊት አይቼ የማላውቀው ነገር መጣ፤ ስሙን የማላውቀው ሥር፣ የደረቀ የጫካ ቅጠል፣ ከኩርኩራ ፍሬ የተጋገረ ጥቁር ቂጣ። እኔ ደስ አለኝ! በየቀኑ አዲስ ነገር ነው። ጋሽ ደምሴ ግን መብላቱን እየቀነሱ ሄዱ። የኩርኩራውን ቂጣ የሚሸጠውን ሰው እንደ ልማዳቸው ጠየቁት።

«ቤት ምን ቀረ?»

ሰውየው ቂጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አገላበጠና «ዛፉ» አላቸው።

ቂጣውን ገዙት፤ አልበሉትም። ከሰዓት በኋላ የምተይበው ደብዳቤ ላመጣ መዝገብ ቤት ስገባ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠውት ያዩታል። አጠገቡ የደብዳቤ ክምር አለ። ከየወረዳው የመጣ ነው፤ ዳር ላይ በቀይ ቀለም «ይቀመጥ» ተብሎ ተጽፎበታል። ያን ሁሉ ሦስት ጊዜ እየጠመጠሙ ያስሩታል።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የዝናብ ነገር ነው» አሉኝ። ቂጣውን አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ እኮ ቁራሽ እንዲሰጡኝ ነበር የጠበቅሁት።

ዓቢይ ጾም እንደገባ ሳንባቸውን ታመው ከሦስት ሳምንት በላይ ቀሩ። እኔ ብቻዬን መውረድ ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዎቹ ሁሉ ራቅ ብላ የተቀመጠች አንዲት የቆላ ሴት አየሁ። ዘሃራ እባላለሁ አለችኝ። ነጠላዋ ላይ የማሽላ ዛላ ደርድራለች፣ አምስት አምስቱ በልጥ ታስሮ። ግን ጥቁር ነው፤ ከሰል ውስጥ የወደቀ ይመስላል። አንዱን በጣቴ አሸት ሳደርገው ከጥላሸቱ ሥር ወተት የመሰለ ፍሬ ወጣ።

«ይሄ ምን ይባላል?» አልኳት፣ ልቤ እየመታ።

«ወተት በጉንጬ።»

መጮህ ቀረኝ! እንደ ጋሽ ደምሴ ለመሆን «ቅመሽልኝ» አልኳት። አንዲት ፍሬ አነሳች፤ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ከዚያ መልሳ ነጠላው ላይ አስቀመጠቻት።

«እኔ አልበላውም እትዬ» አለች።

አፍራ ነው ብዬ አለፍኩት። ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት፤ ይፋት አለችኝ። ማን እንዳመጣው ጠየቅኋት፤ ከየቤቱ ሰብስቤ እኔ አለችኝ። ሦስተኛዋን ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ረስቼ አይደለም። ምራቄ ሞልቶ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ከማገዶ የተገላገልኩ ሴት እኔ ነኝ እያልኩ የምኩራራባት የላምባ ምድጃ አለችኝ። በእሷ ላይ ቆላሁት። ጢስ ጢስ የሚል፣ መጨረሻው ላይ የሚጣፍጥ፣ ከእጅ የማይጠገብ ቆሎ ወጣው። ለጾም ምሳ መሥሪያ ቤት ወሰድኩት፤ ጠረጴዛዬ እንደ ድግስ ቤት ተከበበ። ዲሬክተሩ ሳይቀሩ መጥተው በእፍኛቸው ዘገኑ። «አገሩ ጠግቧል ማለት ነው፤ ቆሎውን እንኳ በጢስ እያጣፈጠ ይልክልን ጀመር» አሉ፣ ሁላችንም ሳቅን።

በማግስቱ ወደ ዘሃራ ተመለስኩና የቀረውን ገዛኋት። ከዚያም፣ ስሞት አብራኝ የምትቀበረውን ቃል ተናገርኩ።

«ያለሽን ሁሉ አምጪልኝ። ጎረቤትሽም ያለውን፣ ሁሉንም። እኔ አለሁልሽ።»

በጭነት መኪና ሄዳ በሳምንቱ ተመለሰች። ያንንም በላነው። ደግሞ ሄደች። ለሦስተኛ ጊዜ አንድ ከረጢት ሙሉ ይዛ በመጣች ዕለት፣ ጋሽ ደምሴ ከሕመማቸው ተነስተው ሥራ ገቡ። ከረጢቱን እያንጠለጠልኩ መዝገብ ቤት ገባሁ። አንዱን እስር ሳወጣ ልጡ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ እንደገባ አይቼ፣ «የጋሽ ደምሴን ፋይል ይመስላል!» ብዬ ብቻዬን ስቄ ነበር። ስቄ መልሼ ከተትኩት።

«ዐይንዎን ይጨፍኑ» አልኳቸው፤ ጨፈኑ። የተቆላ ጥቂት ይዤ ነበር፣ መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። በግራ በኩል አንድ ጊዜ አኘኩ። ፊታቸው ላይ የሕፃን ደስታ መጣ፤ ያንን ደስታ አይቼዋለሁ፣ ከእኔ ሌላ ያየው የለም። ሁለተኛ አኘኩና አቆሙ። ዐይናቸውን ገለጡ።

«ጢሱ ምንድን ነው?»

«እሱ ነው እኮ የሚያጣፍጠው! እዚያው እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው።»

«አሳዪኝ።»

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። የበሉትን በመሐረባቸው ተፉት፤ መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ እስሮቹን አንድ በአንድ እያነሱ መደርደር ጀመሩ።

«ይሄ ዘር ነው አስቴር» አሉኝ። አስቱ አላሉኝም። «ከማሳው ሁሉ ፊት ቀደም ብሎ ተመርጦ ከምድጃ በላይ የሚሰቀል ነው። ጢሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ቤት ውስጥ ሕፃን ተርቦ ቢያድር አይነካም። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አስተሳሰር አለው፣ እንዳይቀላቀል።» አንዱን አነሱ፤ ልጡ እንደ ጆሮ ወደ ሁለት ወጥቷል። «ይሄ የእነ ሙሄ ቤት ነው።» ሌላ አነሱ። «ይሄ የመምሬ ጎረቤት የአበበች ነው፤ ባሏ የሞተባት።» ሌላ። «ይሄን አላውቀውም፤ አዲስ ጎጆ ይሆናል።» አንድ መንደር ሙሉ በጠረጴዛው ላይ ቤት ለቤት ዞሩ። ከታች ያለችውን እስር አንስተው ወደ ዐይናቸው አቀረቧት።

ልጡ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ይሄስ?» አልኩ፤ እያወቅሁት።

«የእናቴ ቤት ነው። እህቴ እታገኘሁ አለችበት።» እስሯን በሁለት እጃቸው ያዟት። «ከዚህ በፊት ያመጣሽውስ? ልጦቹ የታሉ?»

«ጣልኳቸው።»

«ፍሬውስ?»

«በላነው ጋሼ። ሁላችንም።»

በማግስቱ ማለዳ አብረን ወደ ግንቡ ወረድን። ዘሃራ ገና አልሄደችም። ጋሽ ደምሴ እንደወትሮው ቆባቸውን አነሱ፤ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አሉና በቆላው አነጋገር ጠየቋት።

«ቤት ምን ቀረ?»

ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች። «የማን ነዎት?»

«የትርንጎ ልጅ። የእታገኘሁ ወንድም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እታገኘሁ ሁለት ጊዜ መልሳኛለች። መጨረሻ ላይ ነው ያወረደችው። ልጆቹ ከተራቡ ቆይተዋል፤ ግን እሱ አይደለም ያስጨከናት። እኔ ነኝ የነገርኳት፣ 'ከተማ ያለች ትልቅ ሴት ያለሽን ሁሉ አምጪ፣ እኔ አለሁልሽ ብላኛለች' ብዬ። ይህችን ዘር መያዣ ካስያዝናት በመዝሪያው ትደርስልናለች ብለን ነው።» በጣቷ አሳየችኝ። በጥላቻ አልነበረም፤ እዚህ አለች ለማለት ብቻ ነው።

«ቤት ምን ቀረ?» አሉ እንደገና።

«የተሰቀለበት ገመድ» አለች ዘሃራ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እንደውም እርጥብ ድንጋይ ላይ ስሸራተት ክንዴን ያዙኝ። ዲሬክተሩ ዘንድ ገብተው፣ አገሩ ተርቧል ብለው ወደዚያ ለመሄድ ፈቃድ ጠየቁ። ዲሬክተሩ ጋዜጣውን ገልብጠው አሳዩአቸው፤ አዝመራው መልካም ነው ይላል። «ታመህ ስትነሳ ይሄ ሐሳብ አደረብህ፤ ዕረፍ» አሏቸው። ጋሽ ደምሴ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ዲሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

የቀረውን ዘር ለሁለት ከፈሉት። አንዱን ካፖርታቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ ሌላውን፣ የእናታቸውን ቤት እስር ጨምረው፣ ለኔ ሰጡኝ።

«ሁሉንም ይዘው ይሂዱ እንጂ» አልኳቸው።

«መንገድ ላይ ብዘረፍስ? ርቦኝ ብበላውስ?»

«እኔስ ብበላው? ያውቁኝ የለም?» ለመሳቅ ሞከርኩ።

«አውቅሻለሁ። አሁን አትበዪውም።» የጭነት መኪናው ሲንቀሳቀስ ከላይ ሆነው ጎንበስ አሉ። «ከምድጃሽ በላይ ስቀይው። ዝናቡ ሲረጋ ሰው እልካለሁ፤ ከዚያ በፊት ለማንም እንዳትሰጪ።»

ሰቀልኩት። ከምድጃዬ በላይ ምስማር መታሁና ሰቀልኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ በአንድ ሾፌር አፍ መልእክት ደረሰኝ፤ «ዝናቡ ጀምሮ ተወ። ያለሽን ያዢ» ይላል። ያዝኩ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ በገባች በወጣች ቁጥር «አንቺ፣ ይሄ ቆሎሽ መቼ ነው የሚቆላው?» እያለች ታሾፍብኛለች። እኔ፣ ያቺ ሆዳም፣ አንዲት ፍሬ አልነካሁም። እንዲያውም ክብሩን ለመጠበቅ ብዬ፣ ጥላሸቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌለት በየቅዳሜው አቧራውን አራግፍለት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የተጠነቀቅኩለት ነገር የለም። በጋሽ ደምሴ ፊት ቀና ብዬ የምቆመው እሱን በማስረክብበት ቀን ነበር።

ያ ቀን መጣ፤ የመጣው ግን አየለ ነው።

ውሃውን ጠጥቶ ታሪኩን ባጭሩ ነገረኝ። አጎቱ ይዘው የሄዱት ተዘራ፤ ዝናቡ ሲቆም ክንድ ሳይሞላ ደረቀ። እታገኘሁ፣ እናቱ፣ በዚያው ዓመት ሞተች። ከሌላ አገር ዘር ተበድረው ዘሩ፤ አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ደምሴ ግን ወደ አዲስ አበባ ሰው እንላክ ሲባሉ እምቢ ይላሉ። «ዝናቡ ይርጋ፤ አስቴር ጋ አለ» ይላሉ። መብል ሲያጥር ድርሻቸውን ለልጆች እየተው፣ «አስቴር ጋ አለ» እያሉ በጥር ሞቱ። ዘንድሮ ዝናቡ ረግቷል። መንደሩ መሬቱን አርሶ ይጠብቃል።

ወንበር ላይ ቆሜ ዘሩን ከምስማሩ አወረድኩ። ቀላል መሰለኝ። ደርቆ ነው ብዬ በሁለት እጄ አስረከብኩት። አየለ ልጦቹን አየና የአያቱን ቤት አስተሳሰር ሲያውቀው ዐይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ አንድ ዛላ ለይቶ፣ አንድ ፍሬ በሁለት ጣቱ ያዘና ጫን አደረገው።

ዱቄት ሆነ።

ሌላ ያዘ። እሱም ዱቄት ሆነ። ከዛላው ውስጥ አንዲት ትንሽ ነቀዝ ወጥታ በአውራ ጣቱ ላይ ሄደች። ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነበር፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ እኔ እንዳጸዳሁት።

አየለ ምስማሩን አየ፤ ከምስማሩ ሥር ያለችውን ምድጃ አየ። «በምንድን ነው የሚያበስሉት እትዬ?»

«በላምባ።»

«ጢስ የለውም?»

«የለውም» አልኩት። ይሄን ቃል በኩራት ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! ጋሽ ደምሴ ቤቴ ገብተው አያውቁም፤ ምድጃ ሲሉ የሚያውቁት የእናታቸውን ምድጃ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ጢሱ በራሳቸው አፍ ነግረውኝ ነበር፣ በዚያች ጠረጴዛ ላይ። ሰምቼ ነበር፤ ከራሴ ቤት ጋር ግን አላገናኘሁትም። አልበላሁትም እያልኩ ስመጻደቅ፣ በእኔ ጥንቃቄ ነቀዝ በላው።

ይቅር በለኝ ልለው ፈለግኩ፤ ቃሉ ለዚህ የሚበቃ አልመሰለኝም። አየለ ደፍ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ ነጠላውን ጭኑ ላይ ዘረጋ፤ ዛላዎቹን አንድ በአንድ እያሸ ፍሬ በፍሬ በጣቱ እየተጫነ ይፈትን ጀመር። አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው ጀመርኩ። የሚፈርሰው ይፈርሳል። አንዳንዴ የማይፈርስ ይገኛል፤ ያንን ለብቻው ያስቀምጣል። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጥታ እስክታዘነብል ድረስ እንዲህ ተቀመጥን። እትዬ ጥሩነሽ መጥታ ልታሾፍ አፏን ከፈተችና ፊታችንን አይታ ተመለሰች።

መጨረሻ ላይ የተረፈው አንድ እፍኝ አይሞላም። ጋሽ ደምሴ ከገበያ እንዳመጣላቸው ይለምኑኝ ከነበረው ያነሰ ነው።

«ይበቅላል?» አልኩት።

«እንጃ እትዬ።»

ፍሬዎቹን የነጠላው ጥግ ላይ አደረገ፤ ጥጉን ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገባ። ዱላውን ሊያነሳ ጎንበስ ካለ በኋላ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ቀና አለና ወደ ቤቴ ውስጥ ተመለከተ። አጎቱ ዘር ሲቀበሉ ሳይጠይቁ አይወስዱም ነበር፤ እሱንም አስተምረውታል።

«ቤት ምን ቀረ?» አለኝ።

ዞር ብዬ ከምድጃዬ በላይ አየሁ።

«የተሰቀለበት ምስማር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ዱላውን አነሳ።